አላርሙ መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ወላጅን ነው

ከመጀመራችን በፊት

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ሌሊት በእንቅልፍ ልብ የተደረገ ነገር ጠዋት ላይ ስለማይታወስ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። እንደኛ ዓይነት ልጅ ያላቸው ወላጆች ጉዳዩን ለማንም ሳያወሩ ብቻቸውን ይይዙታል። ቢያንስ በአንድ ቤት ውስጥ ሥራው እንዴት እንደሄደ ይታይ።

ልጃችን ስምንት ዓመቷ ነው። ሌሊት ሽንት ያመልጣታል። አብዛኛውን ሌሊት፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ። ቀን ላይ ምንም የለባትም። "ስታድግ ይተዋታል" ሲባል ኖሯል፤ ሐሰት አይደለም። በ5 ዓመት ዕድሜ ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ሌሊት ያመልጣቸዋል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ ችግሩ ካለባቸው ውስጥ 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ያለ ምንም ሕክምና ይተዋቸዋል። የእኛ ልጅ ተራ መቼ እንደሚደርስ ግን የሚነግረን የለም። እሷም መጠበቅ ሰልችቷታል። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ውጭ የሚያድሩበት ጉዞ እንዳለ ስትሰማ "እኔ አልሄድም" አለች። በነጋታው መጥታ "አባዬ፣ ይሄን የሚያስቆም ነገር የለም?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ከእሷ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ራሱ ካልፈለገው አላርም፣ ማለትም ሽንት ሲያመልጥ የሚጮኽ ደወል፣ ብዙ አይራመድም።

መጀመሪያ ያደረግነው ጥፋቷ እንዳልሆነ መንገር ነው። ምክንያቱንም ቁጭ ብለን አስረዳናት። ማታ ማታ አንጎል ቫዞፕሬሲን የሚባል ሆርሞን በብዛት ይለቃል፤ ኩላሊትም ሽንት ይቀንሳል። በአንዳንድ ልጆች ይህ ሆርሞን ሌሊት የሚገባውን ያህል አይጨምርም። የአንዳንዶቹ ፊኛ ደግሞ ሌሊት ብዙ አይዝም፣ ወይም ሳይሞላ ይጨመቃል። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ፊኛው "ሞላሁ" ሲል አንጎል አይሰማም፤ ልጁ አይነቃም። እነዚህ ነገሮች ከልጅ ልጅ በተለያየ መጠን ይደባለቃሉ። አንዳቸውም ስንፍና አይደሉም። ልጅ ተኝቶ ላደረገው ነገር ቢቆጡት፣ ቢያሳፍሩት፣ ቢገርፉት የሚማረው ነገር የለም። ፍርሃት ብቻ ነው የሚጨምርበት። በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ አልደነገጠችም። "አንተስ መቼ ተውክ? ሦስተኛ ክፍል እስክትገባ ፍራሽ ሳሰጣ የኖርኩት እኔ አይደለሁም?" አለችኝ። ነገሩ በዘር ይሄዳል። ሁለቱም ወላጆች በልጅነታቸው ያመልጣቸው ከነበረ የልጃቸው ዕድል ወደ 77 በመቶ ይጠጋል፤ አንዳቸው ብቻ ከነበሩ 44 በመቶ ገደማ፤ ሁለቱም ካልነበሩ 15 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። "አንተም?" አለች። "እኔም" አልኳት። ከቁጥሩ ሁሉ የረዳት ይህች መልስ ናት።

ሐኪም ዘንድ

አላርም ከመጀመራችን በፊት ሐኪም ጋ ሄድን። ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም። ሐኪሙ ብዙ ጠየቁን። ቀን ላይ ያመልጣታል? ስትሸና ያማታል? በጣም ይጠማታል? ከስታለች? ስትተኛ ታንኮራፋለች? ስድስት ወር ሙሉ ደረቅ ሆና ታውቃለች? ጥያቄዎቹ ዝም ብለው አይደሉም። ውሃ ጥምና መክሳት ስኳር በሽታን፣ ሕመም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ሊጠቁሙ ይችላሉ። ከባድ ማንኮራፋት ከአተነፋፈስ ችግር ጋር ሊያያዝ ይችላል። ለወራት ደረቅ ሆኖ ቆይቶ በድንገት የጀመረው ልጅ ደግሞ የሚያስጨንቀው ነገር እንዳለ መታየት አለበት። የእኛ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስላልተቋረጠ ያ አያሰጋትም። የሽንት ምርመራዋም ንጹሕ ወጣ።

የተገኘው የሆድ ድርቀት ነው። እኛ ልብ አላልነውም ነበር፤ እሷም ቀኑን አትቆጥርም። አንጀት ውስጥ የታጨቀ ሰገራ ፊኛውን ከኋላ ይጫነዋል፤ ቦታ ያሳጣዋል። ሐኪሙ "መጀመሪያ ይሄ ይስተካከል" አሉን። ማለስለሻ መድኃኒት አዘዙ፤ ውሃና አትክልት እንድናበዛ፣ ከምግብ በኋላ ረጋ ብላ ሽንት ቤት እንድትቀመጥ ነገሩን። ሆዷ ሲስተካከል ሌሊቱ ትንሽ ቀለለ። ግን አልቆመም። አላርሙ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝግጅት

ሁለት ዓይነት አላርም አለ። አንዱ ልጁ የሚተኛበት ምንጣፍ ያለው ነው፤ ምንጣፉ ሲረጥብ አልጋው አጠገብ ያለው ደወል ይጮኻል። ሁለተኛው ሰውነት ላይ የሚደረግ ነው። ትንሽ ሴንሰር ፓንት ላይ ይቆነጠጣል፤ ሽቦው በፒጃማው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ ትከሻ አካባቢ ከሚሰካው ደወል ጋር ይገናኛል። ሽቦ የሌለውም አለ። እኛ ባለ ሽቦውን መረጥን፤ ደወሉ ጆሮዋ አጠገብ ስለሚሆን፣ ከጩኸቱም ጋር ስለሚንቀጠቀጥ።

ውስጡ ቀላል ነው። ሴንሰሩ ላይ ያልተነካኩ ሁለት ብረቶች አሉ። ሽንት ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጠብታው ሁለቱን ብረቶች ሲያገናኝ ደወሉ ይጮኻል። ልጄ ጣቷን አርጥባ ብረቶቹ ላይ አድርጋ ሞከረችው። ሲጮኽ ዘለለች፤ ከዚያ ደጋግማ አስጮኸችው። እንድትላመደው ስለፈለግን ተውናት።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ሜይንሃርድ ፋውንድለር የሚባል የሕፃናት ሐኪም፣ ነርሶች የረጠበ ልጅ ቶሎ እንዲቀይሩ ብሎ አልጋ ላይ ደወል አስገጠመ። ለነርሶቹ የታሰበው ደወል ልጆቹን ራሳቸውን እያሻለ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1938 ኦርቫል ሆባርት ማውረርና ባለቤቱ ዊሊ ሜይ ማውረር ዘዴውን እንደ ሕክምና አሳተሙት። ይህ ታሪክ ለእኔ ትርጉም አለው። ደወሉ መጀመሪያ የተሠራው ለአዋቂ ጆሮ ነው። አሁንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሠራው ለአዋቂ ጆሮ ነው። መመሪያው ወረቀት ላይ ይህ ነገር በአንዲት መስመር ታልፏል። እኔ ብሆን በትልቁ አጽፈው ነበር።

አልጋውን በድርብ አነጠፍን። ከታች ውሃ የማያሳልፍ የፍራሽ ልብስ፣ በላዩ አንሶላ፣ በላዩ ሌላ ውሃ የማያሳልፍ፣ በላዩ ሌላ አንሶላ። ሌሊት ሲረጥብ የላይኛውን ሁለት ገፎ መጣል ነው፤ ከታች የተነጠፈ አልጋ ይጠብቃል። ዳይፐር አስቀረን፤ ሴንሰሩ ሳይሰማ እርጥበቱን ስለሚመጠው። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ የሌሊት መብራት አደረግን። ከአልጋው አጠገብ ንጹሕ ፓንት፣ ፒጃማ፣ ደረቅ ጨርቅና ለረጠበው ልብስ ባልዲ ተቀመጡ። ታናሽ ወንድሟ ለጊዜው ከባለቤቴ ጋር ይተኛል፤ እኔ ፍራሽ አንጥፌ ልጄ ክፍል ገባሁ።

ከዚያ ነቅታ እያለች ተለማመድን። ትተኛለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እኔ ሴንሰሩን አስጮኸዋለሁ። ትነሣለች፣ ታጠፋለች፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ቀን የተለመደ መንገድ ሌሊት እግር ራሱ ያገኘዋል።

ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ይህ ነው። ማንም አይቆጣም፣ ፊቱንም አያጠቁርም። አላርሙን የምታጠፋው እሷ ናት፤ እኛ ብንረዳትም እጇ ነው የሚያጠፋው። አንድም ሌሊት አይዘለልም። የሚሸለመውም ደረቅ ሌሊት አይደለም። ደረቅ መሆን በእጇ ስላይደለ በእሱ መሸለም ያልደረቀችበትን ጠዋት ቅጣት ያደርገዋል። ተለጣፊ ኮከብ የምታገኘው ከመተኛቷ በፊት ሽንት ቤት ስለሄደች፣ ሲጮኽ ስለተነሣች፣ አንሶላ በመቀየር ስላገዘች ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ጮኸ። እኔ ነቃሁ። ባለቤቴ ከሌላ ክፍል ነቃች። ታናሽ ወንድሟ አለቀሰ። እሷ አልነቃችም። ደወሉ ጆሮዋ ሥር እየጮኸ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አስቀድሜ ባላነብ ኖሮ ግን "ይሄ ለእሷ አይሠራም" ብዬ በማግሥቱ መልሼ አሽገው ነበር። ብዙ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሳቸው አይነቁም። ሥራው አዋቂው ጋ ነው። አላርሙ ሲጮኽ በፍጥነት ደርሶ ልጁን ማንቃት። ጩኸቱ፣ የፊኛው ሁኔታና መንቃቱ በአንድ ጊዜ መገጣጠም አለባቸው። ደወሉን አጥፍቶ ልጁን ተሸክሞ ሽንት ቤት ማድረስ ይቀላል፤ ግን ልጁ እንደተኛ ከሆነ አንጎሉ የተማረው ነገር የለም።

ስለዚህ ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ስሟን ጠራሁ። "እማዬ፣ አላርሙ ጮኸ፣ አጥፊው" አልኳት። እጇን ይዤ ቁልፉ ላይ አደረግሁላት። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ አደረግሁ። ቆመች። በእግሯ ሄደች። ሽንት ቤት ትንሽ ሸናች። ፓንቷን ቀየረች፤ እኔ ሴንሰሩን ጠርጌ፣ አድርቄ በአዲሱ ፓንት ላይ ሰካሁ። ተመልሳ ተኛች።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና። እንደገና ሁሉንም።

ጠዋት ስንጠይቃት ምንም አታስታውስም። "እኔ? ሽንት ቤት ሄጄ?" አለች። ቆማ፣ ሄዳ፣ ተነጋግራ፣ ተኝታ ነበር ማለት ነው።

የይለፍ ቃል

ይህን ችግር የፈታልን የይለፍ ቃል ነው። ማታ ከመተኛቷ በፊት እኔ አንድ ቃል እመርጣለሁ፤ አልነግራትም። ሌሊት አላርሙ ሲጮኽ፣ ቆማ ሳለች፣ ቃሉን እነግራታለሁ፤ ደግማ ትላለች። ጠዋት "ቃሉ ምን ነበር?" እላታለሁ። ካስታወሰችው በእውነት ነቅታ ነበር። ካላስታወሰችው ሌሊቱን የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ሌሊት የበለጠ ላነቃት ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የለም። "ቀጭኔ" ጠፋ። "መሰላል" ጠፋ። ሐሙስ ጠዋት አፏ ውስጥ ጥርስ ብሩሽ እንዳለ "ጃንጥላ!" ብላ ጮኸች። ጃንጥላ ነበር። ሌሊቱ እርጥብ ነበር፣ አንሶላውም ተቀይሯል፤ ለእኔ ግን ከጀመርን ወዲህ ጥሩው ጠዋት ያ ነው።

ደብተሩ

በየጠዋቱ አራት ነገር እንጽፋለን። ስንት ሰዓት ላይ ጮኸ? ማን አነቃት፣ ራሷ ወይስ እኔ? እርጥበቱ ምን ያህል ነው? ቃሉን አስታወሰች? ለእርጥበቱ ሦስት መጠን አወጣን፤ "መዳፍ"፣ "ሰሃን" እና "ሙሉ"። እሷ ናት ያወጣችው፤ እሷ ናት የምትጽፈው።

እንዲህ የምንመዘግበው ደረቅ ሌሊት ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ስለሆነ ነው። ከእሱ በፊት ሌሎች ይመጣሉ። እርጥበቱ ያንሳል፤ አላርሙ ሲጮኽ ልጁ ፍሰቱን ቶሎ ማቋረጥ እየቻለ ነው ማለት ነው። ሰዓቱ ወደ ንጋት ይገፋል። ሁለት ጊዜ ይጮኽ የነበረው አንዴ ይጮኻል። ልጁ ቀስ በቀስ በራሱ ይነቃል። ደረቅና እርጥብ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ሁሉ አያይም።

የሴንሰሩ ጣጣ

በአንድ ሞቃት ሌሊት ያለ ሽንት ጮኸ። ላብ ነው። ላብም ጨው አለው። ወፍራሙን ብርድ ልብስ በቀጭን ቀየርን። ፓንቱን ደረብን፤ ሴንሰሩ በሁለቱ መካከል ነው የሚቀመጠው፤ ገላዋን አይነካም፣ እሷንም አይቧጭራትም። ፓንቱ ጠበቅ ያለ መሆን አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ሴንሰሩ ከቦታው ይሸሻል፣ ሽንቱ ብዙ ከፈሰሰ በኋላ ነው የሚሰማው። ሽቦው በፒጃማው ውስጥ ካልሄደ ስትገላበጥ ይነቀላል።

ጠዋት ጠዋት ሴንሰሩን በውሃ አጥቦ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ያስፈልጋል። ብረቶቹ ላይ የደረቀ ነገር ከቀረ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያለ ምክንያት ይጮኻል። ድምፁ ሰለል ሲል ባትሪውን ወዲያው እንቀይራለን። ከመተኛቷ በፊት በእርጥብ ጣት መሞከር የእሷ ሥራ ሆኗል።

ውሃ

ዘመድ የሆነ ሁሉ "ከሰዓት በኋላ ውሃ አትስጧት" ይላል። ይህ ምክር ቀናነት አለው፣ ጥቅም ግን የለውም። ቀን ላይ ውሃ የተከለከለ ልጅ ፊኛው ብዙ መያዝ አይለምድም፤ የሆድ ድርቀቱም ይመለሳል። ከ5 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሊትር እስከ 1.4 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልገዋል። የእኛ ልጅ ትምህርት ቤት ሳለች አትጠጣም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥሟን ሁሉ ማታ ላይ ትወጣዋለች። ስለዚህ የቀየርነው ሰዓቱን ነው። ጠዋት፣ በእረፍት ሰዓት፣ በምሳ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ትጠጣለች። ወደ መኝታ ሲጠጋ ትንሽ ብቻ። ካፌይን ያለው ነገር የለም። ቀን ላይ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ሽንት ቤት ትሄዳለች፤ መምህሯን አነጋግረን ስትጠይቅ እንዲፈቀድላት አደረግን።

ሌላው ተደጋጋሚ ምክር "ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንሥታችሁ አሸኗት" የሚል ነው። ያን ሌሊት አልጋውን ያድናል። ልጁን ግን አያስተምርም፤ የሚነሣው በእኛ ሰዓት እንጂ በፊኛው ጥሪ አይደለምና።

አስቸጋሪው ሰሞን

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁላችንም ዛልን። ባለቤቴ ሥራ ላይ ዓይኗ እየተከደነ ነው። እኔ ንዴት ቅርብ ሆኖብኛል። ማክሰኞ ሌሊት ልጄ ተነሥታ ቆማ አለቀሰች። "አልፈልገውም፣ አውልቅልኝ" አለች። አቀፍኳት። "ዛሬ እንጨርሰው፣ ነገ ቀን ላይ እንነጋገርበታለን" አልኳት። ሌሊት ላይ ውሳኔ አይወሰንም።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። ደረቅ ሌሊት አንድም የለም። ባለቤቴ ያንን አይታ ተነፈሰች። ከዚያ እሷ ራሷ ጣቷን ወረድ አደረገች። መጀመሪያ ላይ የነበረው ሰዓት አምስት ነው፤ አሁን ስምንትና ዘጠኝ ነው። ሁለተኛው ጩኸት ካቆመ ቆይቷል። "ሙሉ" የሚለው ቃል ከገጹ ጠፍቷል፤ "ሰሃን" አለ፣ "መዳፍ" እየበዛ ነው። የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጠዋት ይታወሳል። ልጄ ገጾቹን ወደ ኋላ ገልብጣ የራሷን ጽሑፍ ተመለከተች። "ቀንሷል ማለት ነው" አለች። ቀንሷል።

ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ከ4 ሳምንት በኋላ እንዲህ ዓይነት ምልክት ከታየ አላርሙ እንዲቀጥል፣ ምንም ምልክት ከሌለ እንዲቆም ይመክራል። እኛ ምልክት አለን። ያለ ደብተሩ ግን ምልክቱን ማየት አንችልም ነበር፤ አላርሙንም እናቆመው ነበር። ብዙ ቤት ውስጥ "ሞከርነው፣ አልሠራም" የሚባለው እዚህ ቦታ ላይ ይመስለኛል። ተረኛ ቀየርን፤ ባለቤቴ የሳምንቱን መጨረሻ ያዘች፣ እኔ ሌላውን። ያረፈ ሰው ልጅን በለሆሳስ ያነቃል።

ምልክት የማይታይበት ቤትም አለ። ወላጅ ከአቅሙ በላይ ከደከመ፣ ልጁ እጅግ ከፈራ፣ ማቆም ነውር አይደለም። ከወራት በኋላ እንደገና መሞከር ይቻላል።

ራሷ ስትነቃ

ቅዳሜ ሌሊት በር ሲከፈት ሰማሁ። አላርሙ አልጮኸም። ተነሥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሽቦዋን በእጇ ይዛ ከሽንት ቤት ስትመለስ አገኘኋት። "አባዬ፣ ቀደምኩት" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አንዱ ደረቅ፣ ሁለቱ እርጥብ፣ ሁለቱ ደረቅ፣ አንዱ እርጥብ እያለ ሄደ። ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። የገረመኝ፣ ደረቁ ሌሊት ሲበዛ መነሣቷም መቀነሱ ነው። እስከ ጠዋት ትተኛለች፤ ስትነቃ ደረቅ ናት። በአላርም ከሚደርቁት ልጆች ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይሆናሉ። ሰውነታቸው ሌሊቱን መያዝ ይለምዳል።

ጉዞው

የክፍሉ ጉዞ በዚህ መሃል ደረሰ። አላርም ይዞ መሄድ አይሆንም፤ እሷም አትፈልግም። ሐኪሙ ለእነዚያ ሌሊቶች ዴስሞፕሬሲን አዘዙላት። ቫዞፕሬሲንን የሚመስል መድኃኒት ነው፤ ሽንትን ለዚያ ሌሊት ይቀንሳል። ፈጣን ነው፤ ሲቆም ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ከመውሰዷ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከወሰደች በኋላ 8 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ከጥቂት ጉንጭ በላይ መጠጣት የለባትም፤ ሰውነት ውሃ ሲያጠራቅም በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። ሕጉን ለመምህሯ በጽሑፍ ሰጠን። ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ ሞከርነው። ሄደች፤ ደረቅ ሆና መጣች። እነዚያን ሌሊቶች ግን ከደረቁት ጋር አልቆጠርናቸውም፤ የመድኃኒቱ ናቸውና። በተመለሰች ማታ ሴንሰሩ ተሰካ።

አሥራ አራት

የመቆሚያው መስፈርት 14 ተከታታይ ደረቅ ሌሊት ነው። ሳምንት ሙሉ ሲደርቅ ሰው "በቃ" ማለት ያምረዋል። አይደለም። አንድ እርጥብ ከመጣ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ እንዲህ መሆኑን አስቀድመን ስለነገርናት አልተበሳጨችም። ግድግዳ ላይ የለጠፍነውን ወረቀት ስትጨርስ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ከበበችው።

ከዚያ አላርሙን ሳናወልቅ ከመተኛቷ በፊት ተጨማሪ ውሃ እንድትጠጣ አደረግን። ነገሩ ተገላቢጦሽ ይመስላል። ዓላማው ፊኛዋን በከበደ ሸክም መፈተንና ልምዱን ማጽናት ነው፤ ከደረቁ በኋላ ወደ ድሮው የመመለስን ዕድል ይቀንሳል። በትንሽ ጀምረን በየሁለት ደረቅ ሌሊቱ ጥቂት ጨመርን። በልጅ ዕድሜ ላይ አንድ ጨምሮ በ30 ሲባዛ የፊኛው ግምታዊ መያዣ በሚሊ ሊትር ይወጣል፤ ለእሷ 270 ይሆናል። ሩብ ሊትር ላይ ስንደርስ አቆምን። በዚህ ጊዜ እርጥብ ሌሊት ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ "መዳፍ" ነበር፣ አላርሙ ሲጮኽም ራሷ ተነሥታለች። እንደገና 14 ቆጠርን።

ከአላርም በኋላ

አላርሙን አወለቅን። እኔም ወደ አልጋዬ ተመለስኩ፤ ታናሽ ወንድሟም ወደ ክፍሉ።

ቁጥሩን ለባለቤቴም ለልጄም ነግሬያቸዋለሁ። አላርም ከሚጠቀሙ ልጆች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይደርቃሉ። ካቆሙ በኋላ ደረቅ ሆነው የሚቆዩት ግን ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ገደማ ናቸው። ስለዚህ መመለሱ ሊመጣ የሚችል ነገር ነው፤ ከመጣም ማንም አልወደቀም። ጉንፋን ይዟት ትኩሳት በነበራት ሌሊት አንዴ ረጠበ። አንሶላውን ራሷ ገፈፈች፤ ጠዋት ነገረችኝ። አንዱ ሌሊት ምንም አይደለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁለት ሌሊት በላይ ከሆነ አላርሙ ወዲያው ይመለሳል። አንዴ የሠራለት ልጅ እንደገና ሲጀምርም ጥሩ ተስፋ አለው።

ውሃ የማያሳልፈው የፍራሽ ልብስ "ይነሣ" እስክትል ድረስ አይነሣም፤ ውሳኔው የእሷ ነው። ለሐኪሙ የሚታየው ደብተር መጽሐፎቿ አጠገብ አለ። ሴንሰሩ ታጥቦ ደርቋል። ባትሪው ከውስጡ ወጥቶ ለብቻው ተቀምጧል፤ ውስጡ ከቆየ ሊፈስና ብረቱን ሊበላው ይችላል።